ከኋላ ወንበር ሥር የሚጮኸው

እናቴ የሞተችው ሐሙስ ማለዳ ነው። እኔ የሰማሁት ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ነው። በመሃል ያለውን ቀን ሙሉውን ያሳለፍኩት ሸዋ ሮቢት፣ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ የአሮጌ አውቶሞቢሌን የቤንዚን ፖምፓ ጆሮዬን ደቅኜ ሳዳምጥ ነው። መካኒኩ ያውቅ ነበር። የዕድራችን ዳኛ ያውቁ ነበር። ሚስቴ ታውቅ ነበር። በከተማው ውስጥ እሷን «እማዬ» ብሎ የሚጠራ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መሞቷን የማያውቀውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ከሐዘን ይሁን ከንዴት ዛሬም አልለየሁትም።

መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ሰው የዘመዱን ሞት በቀን፣ በሥራው መሃል ወይም መንገድ ላይ አይሰማም። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ ልቡ ቀስ እያለ እንዲለምደው ነው ይላሉ። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ብቻውን እንዳይሰማ፣ ራሱን እንዳይጥል፣ ሲጮኽ የሚይዘው ሰው እንዳያጣ ታስቦ ነው። ደግ ወግ ነው። እኔም ከሽማግሌዎቹ ኋላ ኩታዬን ተከናንቤ በየሰዉ ደጃፍ ቆሜ አውቃለሁ፤ ባረዳናቸው ቁጥር ደግ ነገር የሠራን ይመስለኝ ነበር። ወጉ በራሴ በር ላይ እስኪቆም ድረስ ምን ዓይነት ደግነት እንደሆነ አልገባኝም።

መኪናዋን የገዛኋት በእማዬ ምክንያት ነው። እማዬ የምትኖረው ደብረ ሲና፣ ከታላቅ እኅቴ ጋር ነበር። ቆላውን አትችለውም። «እናንተ አገር ሰው አይኖርም፣ ይጠበሳል እንጂ» ትለኝ ነበር። ልቧን ያማታል፤ በየጊዜው ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ደግሞ ያጥወለውላታል። ደርሳ እስክትወርድ ከበሽታዋ ይልቅ መንገዱ ይጨርሳታል። ደርግ ወድቆ ሰው እንደ ልቡ መነገድና መንቀሳቀስ ከጀመረ ወዲህ፣ ከአዲስ አበባ አሮጌ አውቶሞቢል እየገዙ ወደ ቆላ ማውረድ የእኛ የባለሱቆች ፋሽን ሆኖ ነበር። እኔም ሳሙናና ዘይት ሸጬ ባጠራቀምኩት አንዷን አመጣሁ። ነጭ ነበረች ይባላል፤ እኔ ጋ ስትደርስ ያረረ ወተት መስላ ነበር።

ቀጠሮዋ ሲደርስ ዳገቱን ወጥቼ እወስዳታለሁ። ጋቢና ትቀመጥና ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትከናነባለች። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ እንደ ሕፃን እጄን ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች።

«እማዬ፣ ማርሽ ልቀይር፣ ልቀቂኝ» እላታለሁ።

«ሳትቀይር ሂድ» ትለኛለች።

ከዋሻው ስንወጣ እጄን ትለቅና ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለች። በሕይወቴ ከእናቴ ጋር ብቻዬን የሆንኩት በዚያች መኪና ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሰው አለ። ሥራ አለ። መኪናዋ ውስጥ ግን እሷና እኔ፣ ገደሉና ጉሙ ብቻ ነበርን።

ፖምፓው መጮህ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ፣ ሙቀቱ በሚከፋበት ሰሞን ነው። ሲጀምር ከኋላ ወንበር ሥር እንደ ንብ እዝዝ ይል ነበር። እያደር ጨመረ። ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ሲጎድል ይብስበታል፤ ስሞላው ትንሽ ይረጋጋል። መኪናዋ ግን አልቆመችም፤ እየጮኸች ሱቅ ታደርሰኛለች፣ እየጮኸች በዙሪያችን ወዳሉት የቀወት ገበሬዎች ሰርግና ተዝካር ትወስደኛለች። ስናልፍ ፓፓያ የሚሸጡ ልጃገረዶች ጆሯቸውን ይዘው ይስቁብኛል።

«ሙቀት ነው» አለኝ ያየኝ ሹፌር ሁሉ። እኛ ከተማ በሙቀት የማይሳበብ ነገር የለም። ወተት ቢበላሽ፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ልጅ ፈተና ቢወድቅ፣ ሙቀት ነው። እርግጥ ለድሮዎቹ የቤንዚን መኪናዎች እውነት ነበር። የእነሱ ፖምፓ ሞተሩ ጎን ስለሆነ፣ ወደ ደብረ ሲና ዳገት ሲጀምሩ ይግልና ቤንዚኑ መንገድ ላይ ይተናል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ የቆላ ሹፌር ሁሉ ጨርቅ በውኃ ነክሮ ፖምፓው ላይ ይጠመጥማል። የእኔዋ ፖምፓ ግን ቤንዚን ታንኩ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ሥር የተቀበረ ነው። ይህን ስንት ጊዜ አስረዳሁ! እኔ እያስረዳሁ እነሱ ኮፈኑን ይከፍቱና እርጥብ ጨርቅ ያገኙበት ሁሉ ላይ ይጠመጥሙልኛል። አንድ ቀን መኪናዋ ለሙሽራ የታጠበች መስላ ወደ ቤት ይዣት ገባሁ፤ ጩኸቷ ግን እንዳለ ነበር።

ያን ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ሳሙና ስደረድር የዕድራችን ዳኛ መጡ። ጋሼ እያልኩ ያደግኩ፣ አባቴን የቀበሩ፣ እኔን የዳሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ሱቅ አይመጡም፤ የፈለጉትን ሰው ልከው ነው የሚያስመጡት። ገብተው ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ውኃ ጠየቁኝና ሰጠኋቸው፤ አልጠጡትም።

«እናትህን ትንሽ አሟታል አሉ» አሉኝ።

«ማን አለ ጋሼ?»

«ከላይ የወረደ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እኅትህ ልካው ነው። ብዙም አይደለም፤ ግን ብትሄድ ጥሩ ነው።»

ያኔ ሞባይል ገና ወደ እኛ አልወረደም ነበር፤ መልእክት የሚመጣው በሹፌርና በረዳት አፍ ነው። «ብዙም አይደለም» ቢሉኝም ቁልፌን አንሥቼ ሚዛኑን እንኳ ሳላነሣ ወደ በር ሄድኩ።

«ቆይ» አሉኝ ጋሼ። «መኪናህ ትጮኻለች እየተባለ ነው። ያንን ዳገት በእሷ ልትወጣ ነው? እሺ ወጣህ እንበል፤ የታመመች ሴት ጭነህ ዋሻው ውስጥ ብትቆምብህስ? ደብረ ብርሃን በምን ልታደርሳት? መጀመሪያ ትታይልህ።»

ይቺ ቃል ያዘችኝ። እውነት ነበረቻ። በአውቶቡስ ብሄድ ደርሼ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ነው፤ እማዬን የምትወስዳት መኪናዋ ናት። እጄን ይዛ በጨለማው ዋሻ መሃል ሞተሩ ሲጠፋ ታየኝ። «እውነትዎን ነው ጋሼ» አልኳቸውና አብረን ወደ ጋራዡ ሄድን።

ጋራዥ ይባል እንጂ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፤ በመሃሉ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር መሬቱ በአሮጌ ዘይት ጠቁሮ እንደ አስፋልት ጠንክሯል። መካኒኩ እኩያዬ ነው፤ ልጅ ሆነን ሮቢ ወንዝ ውስጥ አብረን ዋኝተናል። መኪናዬን ባየ ቁጥር «አያትህን ይዘህ መጣህ?» እያለ የሚቀልድ ሰው ነው። ያን ቀን ጋሼ ክንዱን ይዘው ወደ ውኃ በርሜሉ ወሰዱትና በሹክሹክታ አናገሩት። ቶሎ እንዲሠራልኝ እየለመኑልኝ መስሎኝ፣ ሲመለሱ አመሰገንኳቸው። ጎንበስ ብዬ ነው ያመሰገንኳቸው።

መካኒኩ ያን ቀን አልቀለደም። ሥራውን ግን በደንብ ጀመረ፤ ይህንን ልነፍገው አልችልም። «ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ ዙር፤ ሞተሩን አታስነሣ» አለኝና የቤንዚን መሙያውን ክዳን ከፍቶ ጆሮውን ደቀነ። ፖምፓው ጮኸ። ከዚያ ክንድ የምታህል የውኃ ጎማ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ታንኩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ አደረገ።

«ና ስማ» አለኝ።

ሰማሁ። በስትሮ ለስላሳ የሚጠጣ ልጅ ጠርሙሱ ሲያልቅበት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ከጩኸቱ ሥር ይሰማል።

«መጠጣት አቅቶታል» አለኝ። «ይህ ፖምፓ ሥራውም ማቀዝቀዣውም ቤንዚን ነው። አፉ ላይ የሆነ ነገር ዘግቶት፣ ሳይጠጣ እየተሽከረከረ ነው የሚጮኸው።»

«ስለዚህ ሙቀት አይደለም?»

«ሙቀት አይደለም።»

እንዴት ደስ አለኝ! ከተማው ሁሉ ተሳስቶ እኔ ልክ መሆኔ እናቴ ታማ እንኳ ደስ አለኝ። የኋላውን ወንበር አወጣን። ምንጣፉን ገልጠን ክብ ክዳኑን ፈታ። አጠገባችን ሲጋራ ይዞ የቆመውን አንድ ደላላ «አንተ ሰውዬ፣ ሁላችንንም ልታቃጥለን ነው?» ብሎ አባረረው። ቱቦዎቹን ነቅሎ ፖምፓውን ቤንዚን እያንጠባጠበ ከታንኩ አወጣው። ጫፉ ላይ ትንሽ የመረብ ማጣሪያ አለች። ማጣሪያዋ ወንፊት መሆኗ ቀርቶ ገንፎ የተለቀለቀ ጨርቅ መስላለች። በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ መዳፉ ላይ አፈረጠውና አሳየኝ።

ቆረቆንዳ ነው። የበቆሎ ቆረቆንዳ።

እኛ አገር ማደያው ቤንዚን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲያልቅ መንገድ ዳር ከሚሸጡት በጀሪካን እንገዛለን። የጀሪካን ክዳን ደግሞ በሁለተኛው ቀን ይጠፋል። ክዳኑ ሲጠፋ ፍሬው የተበላ ቆረቆንዳ ይጠቀጠቅበታል፤ ለጠላም፣ ለዘይትም፣ ለጋዝም እንዲያ ነው፣ ከድሮ ጀምሮ። ቤንዚን ግን ቆረቆንዳውን ያፈረፍረዋል። እኔ ፍርፋሪውን ሁሉ በየሳምንቱ ለመኪናዬ ስግታት ኖሬያለሁ። መካኒኩ ሳቀ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ድንገት አፉን በክንዱ ሸፈነና ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ። ቤንዚን ዓይኑ የገባ መሰለኝ።

«በል እጠባትና ልሂድ» አልኩት።

«መድረቅ አለባት» አለኝ። «ምሳህን ብላ።»

ማጣሪያ የምታህል ነገር በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ለመድረቅ ስንት ጊዜ ይፈጅባታል? ልብስ እንኳ አስጥተን ዞር ሳንል የሚደርቅበት አገር ነው። ይህን አሰብኩ፤ ግን ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው ብዬ ተውኩት። ሚስቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሳህኑን ሰጠችኝ እንጂ አልተቀመጠችም። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሻል?»

«ሽንኩርት ስከትፍ ነው።»

ሸዋ ሮቢት የሽንኩርት አገር ነው። ሴት ዓይኗ ቢቀላ ማንም ለምን አይልም። በላሁ። በደንብ በላሁ፤ ዳገት የሚጠብቀኝ ሰው ነኝ ብዬ ጠግቤ በላሁ። ዛሬ ድረስ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ እናቴ ተገንዛ በተጋደመችበት ሰዓት እኔ እጄን እየላስኩ ነበር።

እየበላሁ ሳለ ከጋራዡ አጠገብ ሻይ ቤት ያላቸው የአርጎባ ሽማግሌ ወደ ግቢው ገቡ። መካኒኩን አጥሩ ጋ ይዘው ተናገሩት፤ እጃቸው ወደ እኔ ይጠቁማል፣ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ምን እንዳሉት የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። «በእኛ ቀብር አይቆይም፤ የእናንተም ቢቆይ ስንት ይቆያል? ልጁን ልቀቁት፣ ይሂድ፣ እናቱን አፈር ያልብስ» ነው ያሉት። መካኒኩ አንገቱን ደፍቶ «የዕድሩ ዳኛ ናቸው ያዘዙኝ» ብሎ መለሰላቸው። ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። ቆመው አዩኝ።

«አላህ ሰብሩን ይስጥህ ልጄ» አሉኝ።

እኔ በመኪናዬ ነገር ትዕግሥት የተመኙልኝ መስሎኝ «አሜን አባባ፣ አሁንማ ተገኘ፣ ቆረቆንዳ ነው» አልኳቸው። ሽማግሌው ወደ ሻይ ቤታቸው ተመለሱ።

ከምሳ በኋላ መካኒኩ ጀርባውን ሰጥቶኝ ፖምፓውን ገጣጠመ፤ ወደ ታንኩ መለሰው፤ ቱቦዎቹን አሰረ። «ዙር» አለኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ፖምፓው እንደ ድሮው ጮኸ። እንዲያውም የባሰበት መሰለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው» አለኝ ሳያየኝ። «ሳይጠጣ ሲሽከረከር ተበልቷል። ሌላ ፖምፓ ያስፈልጋል። ነገ ማለዳ ከደብረ ብርሃን አስመጣልሃለሁ።»

«እየጮኸ ልሂድበትና!»

«ዳገቱ ላይ ይቆምብሃል። እናትህን ይዘህ ይቆምብሃል።»

ጎማውን በእርግጫ መታሁት። ሰደብኩት፣ መኪናዋን ሰደብኩ፣ የሸጠልኝን ሰውዬ እስከ ዘር ማንዘሩ ሰደብኩ። መካኒኩ ቆሞ ሰማኝ። እንደዚያ ቀን ታግሦኝ አያውቅም። ከዚያ እናቴን ሌላ ሰው ይወስዳታል፣ እኔ ብቻ ልድረስ ብዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ተራ አስከባሪው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ወደ ላይ ዛሬ የለም» አለ። ከጀርባው ግማሽ የሞላ ሚኒባስ ቆሟል።

«ይኼስ?»

«ኮንትራት ነው።»

በሚኒባሱ መስኮት የሚያዩኝ ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን አቀረቀሩ። እንዴት አልገባኝም? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እንዲገባኝ ስላልፈለግሁ ነው ያልገባኝ። ከተማው ሁሉ ፊቴ ላይ እየጮኸልኝ ነበር፤ እኔ ጆሮዬ ፖምፓው ላይ ነበር።

ቤት ስገባ ሚስቴ እግሬን የምታጥብበት ውኃ አሙቃ ጠበቀችኝ። «ነገ በማለዳ እሄዳለሁ» አልኳት። «እሺ» አለችኝና እግሬን ማጠብ ጀመረች።

ጎሕ ሲቀድ ደጅ ላይ ሳል ሰማሁ። አንድ ሰው ሳለ፤ ሌላውም ሳለ። ያንን ሳል አውቀዋለሁ፤ እኔም በሰው ደጅ ስሎት አውቃለሁ። ማንም ሳይናገር፣ በሩ ሳይከፈት፣ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ አወቅኩ። ዞሬ ሚስቴን አየኋት። ነጠላዋን ቀድማ ዘቅዝቃ ለብሳለች።

«መቼ ሰማሽ?»

ወደ በሩ ሄዳ ከፈተችው።

ግቢው ሙሉ ነበር። ጋሼ ከፊት ቆመዋል። «ልጄ፣ እናትህ አርፋለች። ትናንት ማለዳ ነው። ራስህን ትጥላለህ ብለን ፈርተን ነው» አሉኝ። ሰዎች ሁለቱን ክንዶቼን ያዙኝ፤ እንዳልወድቅ ነው። መውደቅ አልፈለግሁም። መምታት ነበር የፈለግሁት። የማንን ፊት እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ሁሉም እያለቀሱ ነበር። ሁሉም ከልባቸው ነበር የሚያለቅሱት። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ትመታዋለህ?

«ቀብሯስ?» አልኩ።

«ትናንት ተፈጽሟል። ብትሄድም አትደርስም ነበር።»

ይቺን ይዤ ተጽናናሁ። ማንም ሊያደርሰኝ የማይችል፣ እኔም ልደርስበት የማልችል ቀብር ነው አልኩ ለራሴ። ከዚያ በኋላ ነው እንባዬ የመጣው። ጮህኩ፤ ያዙኝ፤ ለዚህ ነበር የመጡት።

መካኒኩ መኪናዬን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። የኋላው ወንበር በቦታው ተመልሷል። እኔን ጋቢና አስቀመጡኝ፤ እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ። ሚስቴና ጋሼ ከኋላ ገቡ። መካኒኩ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ወጣን።

የሽንኩርቱንና የማሽላውን ማሳ አልፈን ዳገቱን ጀመርን። አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ። የሆነ ነገር ጎድሎኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መታጠፊያ ማለፍ ነበረብን። ከኋላ ወንበር ሥር ምንም ድምፅ የለም። መኪናዋ እንደ አዲስ፣ ሳትጮህ፣ ሳትንገራገጭ ዳገቱን እየወጣች ነው።

«አዲሱን ፖምፓ ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ደብረ ብርሃን ሱቅ ገና አልተከፈተም።»

መካኒኩ መሪውን ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

«አዲስ አይደለም» አለኝ። «ያው ያንተው ነው። ንጹሕ ማጣሪያ ከአሮጌ ፖምፓ ላይ አውጥቼልህ ነበር፤ ትናንት ከምሳ በፊት። የቆሸሸውን መልሼ ነው የገጠምኩት። ዛሬ ማለዳ ነው የቀየርኩት።» ማርሽ ቀየረ። «በቀን ሰምተህ በዚህ ገደል ራስህን ብትጥልስ? ምን ላድርግ ወንድሜ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ቢሞት ደስ ይለኝ ነበር፤ ደግሞ አቅፎኝ እንዲያለቅስ ፈለግሁ። ሁለቱም እውነት ነው። «ንዳ» አልኩት።

ደብረ ሲና ስንደርስ ጉሙ አልተነሣም ነበር። ከእኅቴ ቤት ደጅ ድንኳን ተጥሏል። እኅቴ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ መጣች። ድምፅ የሚባል አልቀረላትም። እኔ ክንዴን ዘርግቼ ቀረብኩ፤ እሷ ግን ከፊቴ ቆመች። አላቀፈችኝም።

«እስኪመሽ ጠበቅንህ» አለችኝ።

«ምን?»

«እስኪመሽ። ሬሳው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቄሶቹ እየተቆጡ፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሞ። ፊቷን አትሸፍኑብኝ፣ ወንድሜ ይያት እያልኩ ስለምናቸው ዋልኩ። የመኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር መጣ፣ መጣ እንላለን። አልመጣህም። ሲጨልም ወሰዷት። እንጠብቀዋለን፣ ሳይመጣ አንቀብርም ብዬ አልላክሁም?»

ወደ ኋላ ዞርኩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። እሷ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሹፌሩስ ብሎን ነበር» አሉኝ። «ያዘነ ሰው የሚለው ነገር መስሎን ነው። ሁሉም ሳይመጣ አንቀብርም ይላል፤ ከዚያ ይቀብራል።»

እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም እንዲያ ይላል። የእኔ እኅት ግን የምትለውን የምታደርግ ሰው ናት፤ ይህን የማያውቁት እነሱ ናቸው።

ጋሼ አባቴን የቀበሩ ሰው ናቸው። መካኒኩ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሞ በዘይት እጁ ዓይኑን ይጠርጋል። ሚስቴ እኅቴ እግር ሥር ወድቃለች። ስማቸውን አንድ በአንድ ብጠራ፣ እኅቴ ከዚያ ግቢ በድንጋይ ታስወጣቸው ነበር፤ ሚስቴንም ጭምር። የእናቴ ድንኳን ውስጥ ሰው ሲሰዳደብ ማየት አልፈለግሁም።

«መሞቷን አልነገሩኝም» አልኳት። «ታማለች ነው ያሉኝ።»

«ታማለች ብለውህ ነው የቀረኸው?»

«መኪናዋ ተበላሽታ ነው።»

«ምኗ ነው የተበላሸው?»

«ፖምፓው። ይጮህ ነበር።»

እኅቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ አሻግራ፣ ዳገቱን ወጥታ መንገድ ዳር የቆመችውን መኪና አየች።

«እየጮኸ አይሄድም ነበር?» አለችኝ።

«ይሄድ ነበር» አልኳት።